«ተራመዱ» እንላለን፤ ሰፈሩስ ያስኬዳል ወይ?



ስኳርና ደም ግፊት ላለባቸው ሰዎች ሁሌ የምሰጠው ምክር አለ፦ «በእግር ይሂዱ»። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። በቀን 30 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን ማለት ነው። ጂም የግድ አይደለም፤ ፈጠን ብሎ መራመድ ይበቃል።

ግን እውነቱን እንነጋገር። ብዙ ሰው የማይራመደው ሰንፎ አይደለም፤ የሚሄድበት ቦታ ከቤቱ ስለራቀ ነው።

አዲስ አበባን እንይ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ተሠርተዋል። ይሄን እደግፋለሁ። ሆኖም መንገዱ ብቻውን ሰው አያስኬድም፤ መድረሻም ይፈልጋል። ከፒያሳ ወይም ከካዛንቺስ ተነስቶ ሥራው በእግሩ ይደርስ የነበረ ሰው፣ ከተማው ዳር ሲገባ ጊዜው በታክሲ ሰልፍ ያልቃል። እግሩም፣ ኪሱም፣ እንቅልፉም ይጎዳል። ማታ ደክሞት ሲገባ «30 ደቂቃ ተራመድ» ብለው ምን ዋጋ አለው?

መፍትሔው ከእኛው አገር አለ። የኮንዶሚኒየም ፕሮግራሙ ከሕንፃው ሥር ያሉትን ሱቆች በጨረታ እየሸጠ፣ ገቢውን የመኖሪያ ቤቶቹን ዋጋ ለመደጎም ያውል ነበር። ሱቁ ቤቱን ያግዛል፤ ነዋሪውም ዳቦና ሽንኩርት ደረጃ ወርዶ ይገዛል። በዚህ ላይ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና ጉሊት በ15 ደቂቃ የእግር መንገድ ውስጥ ቢጨመሩ፣ 150ዋ ደቂቃ ሳይታወቃችሁ ትሞላለች።

ለከተማውም ያዋጣል። ሰፈር በተራራቀ ቁጥር የውሃ ቱቦው፣ የመብራት መስመሩና አስፋልቱ ይረዝማል። የጥገናውን ወጪ የምንሸፍነው ደግሞ እኛው ነን።

ስለዚህ አዲስ ሰፈር ሲታቀድ ነዋሪው አስቀድሞ ይጠየቅ እላለሁ፦ የት ትገበያላችሁ? ልጆቻችሁ በየት ያልፋሉ? አረጋውያን የት አረፍ ይላሉ? የጉሊት ነጋዴዋም ከመንገዱ ከምትባረር የራሷ ቦታ ይሰጣት፤ ብዙ ሰው ከቤቱ የሚወጣው እሷ ጋ ለመድረስ ነው።

እናንተም ቤት ስትከራዩ ወይም ስትገዙ የክፍሉን ብዛት ብቻ አትቁጠሩ። «ከዚህ ተነስቼ በእግሬ የት የት እደርሳለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይሄም የጤና ጥያቄ ነው።

መልካም ጤንነት!