የመነኮሳት ቁንዶ በርበሬ

የልማደ አንስት ቀን ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው በብዙ ሴቶች ላይ የሚወርደውን ትካዜ፣ ድንገት የሚነሣውን ቁጣና በትንሹም በትልቁም የሚፈሰውን እንባ ከጠባይ ጉድለት ቆጥረው በፌዝ የሚያልፉት ሰዎች፣ የኒውዮርኩ ሐኪም ሮበርት ፍራንክ ገና በ1931 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ነገር ከሕመም ወገን መድቦ እንደ ጻፈበት ቢያውቁ ኖሮ፣ ምናልባት አንደበታቸውን በቈጠቡ ነበር።

ለዚህም ሕመም ከሚወሰዱት ዕፆች አንዱ የሆነ፣ በሜዲትራንያን ባሕር ዳርቻ የሚበቅል፣ አበባው ሐምራዊ፣ ፍሬው ቁንዶ በርበሬ የሚመስል ቁጥቋጦ አለ፤ የጥንት የአቴና ሴቶች በጣዖታቸው በዓል ሰሞን ንጽሕናቸውን እንዲጠብቅላቸው በመኝታቸው ላይ ይነሰንሱት እንደ ነበር የሮማው ጸሐፊ ፕሊኒ ሲመሰክር፣ በኋላ ዘመን ደግሞ የአውሮፓ መነኮሳት ፍትወተ ሥጋን ያበርዳል በማለት ምግባቸውን ይቀምሙበት ነበር ይባላልና፣ የመነኮሳት ቁንዶ በርበሬ ተብሎ ቀረ። መነኮሳቱን ጠቅሟቸው እንደ ሆነ አምላካቸው ያውቃል፤ በዓት ለዘጋ ሰው የታሰበው ፍሬ ዛሬ ለሴቶች መድኃኒት ሆኖ መገኘቱ ግን ፈገግ ያሰኘኛል።

ማስረጃውን የተመለከትን እንደ ሆነ፣ በ2001 እ.ኤ.አ. በታተመ የጀርመን አገር ምርምር 170 ሴቶች፣ ገሚሶቹ ከዚህ ፍሬ የተዘጋጀ 20 ሚሊ ግራም ጭማቂ ያለበትን ክኒን፣ ገሚሶቹም መልኩ ብቻ እርሱን የሚመስል ባዶ ክኒን፣ የትኛው ለማን እንደ ደረሰ ሳያውቁ፣ ሦስት የወር አበባ እስኪፈራረቅ በየቀኑ ቢወስዱ፣ ሕመማቸው በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ የቀለለላቸው ከፊተኞቹ ከመቶ 52፣ ከኋለኞቹ 24 ሆነው ተገኙ። ቁጣው፣ የስሜት መለዋወጡ፣ ራስ ምታቱና የጡት መወጠሩ ሲቀንስ የሆድ መነፋቱ ግን እንዳለ ቀረ። እኔን ይበልጥ ያስደነቀኝ 24ቱ ነው፤ ባዶ ክኒን ከአራት ሴቶች አንዷን ያህል ካሻላት፣ «እኔን አድኖኛልና አንቺም ውሰጂው» የሚለው የጎረቤት ምስክርነት፣ በፍጹም ቅንነት የተነገረ ቢሆንም እንኳ፣ ለብቻው የሚያስተማምን አይሆንም።

በመጥምቁ ዮሐንስ ስም የሚጠራው፣ ከደጋችን አምጃ ጋር በወገን የሚዛመደው ባለ ቢጫ አበባ ዕፅ ደግሞ በእንግሊዝ አገር በ36 ሴቶች ላይ ተፈትኖ በአካል ላይ የሚታዩትን ምልክቶች ሲያቀል፣ ለትካዜውና ለጭንቀቱ ግን ከባዶው ክኒን የተለየ ሆኖ አልተገኘም። ከዚህም የሚከፋው፣ ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን ፈጥኖ እንዲያጠፋ ስለሚያደርግ፣ የወሊድ መከላከያ ክኒን የምትወስደውን ሴት ሳታስበው ለእርግዝና፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የምትወስደውንም ለብርቱ አደጋ ማጋለጡ ነው፤ ስለዚህ ገዢዋ ሌላ ምን መድኃኒት እንደምትወስድ፣ እርጉዝም እንደ ሆነች ሳይጠይቅ ቅጠል የሚሸጥ ሰው፣ ዕውቀቱ የቱንም ያህል ቢወራለት፣ አላምነውም።

ከመግዛቷ በፊትም ስሜቷን ዕለት ዕለት ለሁለት ወር ያህል ብትጽፍ፣ ትካዜው በርግጥ ከወሩ ዑደት ጋር የሚመላለስ መሆን አለመሆኑን ሐኪሙም እርሷም ያዩታል። ሕይወትን እስከ መጥላት የሚያደርስ ሲሆን ግን ወደ ሐኪም መሄድ እንጂ ዕፅ መፈለግ አይገባም፤ ለዚህ ብርቱ ሕመም እንደ ፍሉኦክሰቲን ያሉ የተፈተኑ መድኃኒቶች አሉና፣ ለአንዳንዶቹ ሴቶችም የወር አበባ ከመምጣቱ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ብቻ መውሰዳቸው ይበቃቸዋል።