አሮጌው አገር በ70 ዶላር

አንድ ጊዜ የተሸጠን ዕቃ ለዚያው ገዢ፣ ያውም ዋጋ ጨምሮ፣ መልሶ መሸጥ ለየትኛውም ነጋዴ ቀላል ሥራ አይደለም። የጃፓኑ የቪዲዮ ጨዋታ አምራች ኒንቴንዶ ግን እ.ኤ.አ. ሜይ 12 ቀን 2023 ይህንኑ አድርጓል። በዚያ ዕለት ለገበያ የቀረበው «ዘ ሌጀንድ ኦቭ ዜልዳ፦ ቲርስ ኦቭ ዘ ኪንግደም» በ2017 የወጣው የ«ብሬስ ኦቭ ዘ ዋይልድ» ተከታይ ሲሆን፣ ጀግናው ሊንክ የሚዘዋወርበት የሃይሩል ምድርም ያው የቀድሞው ነው። ተራራው፣ ወንዙና መንደሩ ከሞላ ጎደል በነበሩበት አሉ። ዋጋው ግን በአሜሪካ ገበያ ከ60 ወደ 70 ዶላር ከፍ ብሏል። ኩባንያው ራሱ ለስዊች መጫወቻ ካዘጋጃቸው ጨዋታዎች መካከል ከዚያ በፊት በዚህ ዋጋ የቀረበ አልነበረም። ገዢው ግን አላመነታም። በሦስት ቀን ውስጥ በዓለም ዙሪያ 10 ሚሊዮን ቅጂ ተሸጠ።

ቅሬታው ወዲያው ነበር የተሰማው። ጨዋታው እንደሚሠራ ይፋ የሆነው በ2019 ነው፤ በ2022 ይወጣል ተብሎ ሲጠበቅ ፕሮዲዩሰሩ ኤይጂ አኦኑማ ወደ 2023 መተላለፉን አስታወቁ። «ስድስት ዓመት ተጠብቆ ያው ካርታ ነው ወይ?» ያሉ ጥቂት አልነበሩም። እርግጥ ነው፣ ከምድሩ በላይ የሚንሳፈፉ ደሴቶች፣ ከምድሩ በታች ደግሞ የጨለማ ዋሻ አገር ተጨምረዋል። ይሁንና ደሴቶቹ ከመጀመሪያው ትልቅ ደሴት በስተቀር ትናንሽና የተራራቁ ናቸው። ዋሻውም ስፋቱ ከላይኛው ምድር ጋር የሚስተካከል ቢሆንም ጥቂት ከተሄደበት በኋላ ሁሉም ቦታ አንድ ይመስላል። የ70 ዶላሩ ተገቢነት በእነዚህ ጭማሪዎች ይመዘን ከተባለ ኩባንያው ይረታል።

ክርክሩ ግን የተሳሳተ ቦታ ላይ ነው ያረፈው። ገዢው የከፈለው ለመሬቱ ሳይሆን ለእጁ ነው።

በታሪኩ መጀመሪያ ላይ ሊንክ ቀኝ እጁን ያጣና የጥንቱ ንጉሥ የራውሩ እጅ ይተከልለታል። በዚህ እጅ ግንድ፣ ጎማ፣ ማራገቢያ፣ የድንጋይ ንጣፍ፣ ያገኘውን ሁሉ እያነሣ ያጣብቃል። በመጀመሪያው ጨዋታ ወንዝ ያጋጠመው ሰው መሻገሪያ ይፈልግ ነበር። በሁለተኛው ሦስት ግንድ ገጣጥሞ ድልድይ ይዘረጋል፤ ወይም መሻገሪያ ታንኳ ሠርቶ ከኋላው ማራገቢያ ይለጥፋል፤ ወይም ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ጊዜውን ወደ ኋላ በመመለስ ድንጋዩ ከነእርሱ ወደመጣበት እንዲያርግ ያደርጋል። ዋሻ ውስጥ የተዘጋበት ሰው ጣሪያውን ሰንጥቆ በተራራው አናት ብቅ ይላል። በማጣበቂያው የተሠራው መዋቅር ሲነካ እንደሚጠበቀው ይንቀሳቀሳል፣ ሚዛኑ ሲዛባ ይገለበጣል፤ ጨዋታው ግን አይዘጋም፣ ዕቃዎቹም እርስ በርሳቸው አይሰጥሙም። በሌሎች ኩባንያዎች የሚሠሩ ባለሙያዎች ሳይቀሩ የተገረሙት በዚህ ነበር። ተጨማሪው ዓመት የት እንደዋለ እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል።

አሮጌው ካርታ ጉዳት ሳይሆን ጥቅም የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ተጫዋቹ ተራራውን ያውቀዋል፤ በ2017 ዝናብ እያንሸራተተው በስንት ጭንቅ ወጥቶታል። አሁን የሚያስበው በምን አዲስ መንገድ እንደሚወጣው ነው። አዲስ አገር ቢሰጠው ኖሮ የእጁን ነገር ትቶ አገር በማየት ይጠመድ ነበር።

እውነተኛው ድክመት ያለው ሌላ ዘንድ ነው፤ ኩባንያው የቀድሞውን አሠራር ሳያሻሽል በተወባቸው ቦታዎች። የጦር መሣሪያዎች መሰባበር በመጀመሪያው ጨዋታ ብዙ ያስወቀሰ ጉዳይ ነበር። መፍትሔው ግማሽ ብቻ ነው። ተራ ዱላ ላይ የጭራቅ ቀንድ ቢለጠፍበት ጠንካራ መሣሪያ ይወጣዋል፤ ይህ ጥሩ ነው፣ ጭራቆቹን መግደልም ጥቅም አስገኘ። ነገር ግን ቀስት በተወረወረ ቁጥር በላዩ የሚለጠፈውን ዕቃ ከረጅም ሰልፍ መሐል መምረጥ ያስፈልጋል። አንድ ቀስት፣ አንድ ምርጫ። በውጊያ መሐል ዕቃ ቤት እንደ መቁጠር ነው።

ከሁሉ የባሰው ግን የታሪኩ አነጋገር ነው (ጨዋታውን ገና ያልጨረሰ አንባቢ ይህን አንቀጽ ቢዘለው ይሻላል)። ሊንክ በአራት አቅጣጫ ያሉ ቤተ መቅደሶችን ሲጨርስ አራት ጥንታዊ ጠቢባን በየተራ ስለ አንድ የጥንት ጦርነት ይነግሩታል፤ አራቱም የሚሉት አንድ ነው። የልዕልት ዜልዳን ዕጣ የሚገልጹት ትዕይንቶችም በየሜዳው ተበትነው በማንኛውም ቅደም ተከተል ሊገኙ ይችላሉ። ልዕልቲቱ የት እንዳለች አስቀድሞ ያወቀ ተጫዋች ባልደረቦቹ ለሰዓታት ሲፈልጓት ያያል፤ ጀግናው ግን ቃል አይተነፍስም። ተበታትኖ የሚገኝ ትዝታ የመጀመሪያውን ጨዋታ አሳምሮት ነበር፤ ያ ታሪክ የተፈጸመ ነገር ስለነበረ። ይኼኛው እየተፈጸመ ያለ ነው።

የመጫወቻው አቅምም ሌላ ችግር ነበር። በ2017 የወጣው ስዊች ጨዋታውን በሴኮንድ 30 ምስል ለማሳየት ተመድቦ፣ እጁ ሥራ ሲጀምር ወይም ትዕይንቱ ሲበዛ ከዚያ በታች ይወርድ ነበር። በጁን 2025 ስዊች 2 ሲወጣ ችግሩ ተቃለለ፤ ጨዋታው ጥርት ብሎና ፈጥኖ ይሄዳል። ይህን ለማግኘት ግን ነባሩ ባለቤት 10 ዶላር ገደማ መጨመር አለበት፤ ነፃ የሆነው ኩባንያው ከፍ ባለ ክፍያ ለሚሰጠው የአባልነት አገልግሎት ተመዝጋቢዎች ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ሒሳቡን ማየት ይጠቅማል። የመጀመሪያው ጨዋታ በ60 ዶላር ተሸጦ፣ ከዚያ በኋላ 20 ዶላር የሚያስከፍል ተጨማሪ ክፍል ወጣለት። ለሁለተኛው እንዲህ ያለ ጭማሪ እንደማይኖር አኦኑማ በሴፕቴምበር 2023 ተናግረዋል። ስለዚህ ሁሉንም የገዛ ሰው ያወጣው ያኔ 80 ዶላር ነበር፤ አሁንም ከነማሻሻያው 80 ዶላር ነው። ልዩነቱ ያኔ ጭማሪው ይዘት ሲሆን አሁን መጀመሪያውኑ ሊኖር ይገባ የነበረ ፍጥነት መሆኑ ነው። «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ዎንደር» በኦክቶበር 2023 በ60 ዶላር ሲወጣ የዜልዳው ዋጋ ለየት ያለ ጉዳይ መስሎ ነበር፤ በ2025 ግን «ማሪዮ ካርት ወርልድ» ለብቻው በ80 ዶላር ቀረበ።