የቢራ ገብስ በኩንታል ብቻ አይለካ

ገብስ በሚሰበሰብበት ወቅት በደጋ ወረዳዎች ስንዘዋወር ደጋግመን የምንሰማው ቅሬታ አለ። አርሶ አደሩ ፍሬው የሞላ፣ ለዓይን የሚያምር ገብስ ይዞ ይቀርባል፤ «ለብቅል አይሆንም» ተብሎ ይመለስበታል። የጭነት ወጪውም በራሱ ላይ ይቀራል። በእኔ እምነት ችግሩ በርክክብ ቀን ቢታይም የሚጀምረው በዘር ወቅት ነው። ይህን ለመረዳት ገብሱ ለየትኛው ቢራ እንደሚፈለግ ማወቅ ይጠቅማል።

ቢራ ከጥንታዊ መጠጦች አንዱ ነው። በዛሬዋ ኢራቅ ይኖሩ የነበሩ ሱመራውያን ለሠራተኞች በቀለብ የሚሰጠውን ቢራ በሸክላ ጽላት ላይ መዝግበዋል። የባቫሪያ መሳፍንት ደግሞ በፈረንጆቹ 1516 ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕስና ከውኃ ብቻ እንዲጠመቅ ደነገጉ። ሆፕስ እንደኛ ጌሾ ምሬት የሚሰጥ ተክል ነው።

የቢራ ዓይነት ብዙ ቢሆንም በሁለት ቤተሰብ ይመደባል። ኤል ሞቅ ባለ ቦታ በአጭር ጊዜ ይፈላል፤ ላገር ግን በቀዝቃዛ ስፍራ ቀስ ብሎ ይፈላል። በፈረንጆቹ 1842 ዮሴፍ ግሮል የተባለ ጠማቂ በቦሄሚያዋ ፒልሰን ከተማ ከነጣ ብቅል ወርቃማና ጥርት ያለ ላገር ጠመቀ። ዛሬ በዓለም በብዛት የሚጠጣው የዚህ ዘር ነው። በ1915 ዓ.ም ከተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስ ጀምሮ የሀገራችን ፋብሪካዎች የሚያመርቱትም በአብዛኛው ይኸው ነው።

የእኔ ምርጫ ለየት ይላል። ከጠርሙስ ጥቁሩን ስታውት፣ ከቤት ደግሞ እንኩሮው ጠቆር ብሎ የበሰለለትን ጠላ እወዳለሁ። ጠላ ጠማቂ እናቶቻችን ገብሱን ከበቆሎና ከዳጉሳ ቀላቅለው፣ የጎደለውን በእጃቸው አስተካክለው ያወጡታል። ነጣ ያለው ላገር ግን ጉድለት አይሸፍንም። ገብሱ እኩል ተዘፍዝፎ እኩል መብቀል አለበት፤ ከመቶው ፍሬ ቢያንስ 95ቱ። ፕሮቲኑም ብዙውን ጊዜ ከ9 እስከ 12 በመቶ እንዲሆን ይጠየቃል። ፕሮቲን ሲበዛ ስታርቹ ያንሳል፤ ከብቅሉ የሚገኘው ቢራ ይቀንሳል፤ ቢራውም ሊደፈርስ ይችላል።

የግብርና ምክራችን መታየት ያለበት እዚህ ላይ ነው። ዩሪያ ሲበዛ ወይም ዘግይቶ ሲጨመር የፍሬው ፕሮቲን ከፍ ይላል። ዝርያ ሲቀላቀል ፍሬው እኩል አይበቅልም። በውቂያ የተሰበረ ወይም ሳይደርቅ የተከማቸ ገብስ የመብቀል ኃይሉን ያጣል። የወረዳ ሪፖርት ግን አሁንም የሚያተኩረው በሄክታር በተገኘው ኩንታል ላይ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገሮች ቢስተካከሉ እላለሁ። አንደኛ፣ ወረዳዎች ከተመረተው ኩንታል ጎን ለጎን በጥራት ተቀባይነት ያገኘውንም ይመዝግቡ። ሁለተኛ፣ ምርመራው ገብሱ ከመጫኑ በፊት በኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን ይካሄድ፤ ውጤቱም ለአርሶ አደሩ በጽሑፍ ይሰጠው። ሦስተኛው ዋናው ነው፤ በጥራት ደረጃ የተለያየ ዋጋ ከዘር በፊት ይታወቅ። «ዩሪያ ቀንስ» የተባለ አርሶ አደር ጥቂት ኩንታል ሊጎድልበት ይችላል። ዋጋው ካላካካሰው ምክሩን የሚቀበልበት ምክንያት የለውም፤ አልቀበልም ቢልም አይፈረድበትም።

አርሶ አደሩም በቤቱ ሊያደርገው የሚችል ነገር አለ። 100 ፍሬ ቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ይጠቅልል፤ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ጠብቆ የበቀለውን ይቁጠር። አዲስ የታጨደ ገብስ ቶሎ ላይበቅል ስለሚችል ጥቂት ሳምንታት ቢቆይ ይመረጣል። ከ95 በታች ከሆነ መኪና ከመከራየቱ በፊት ማወቁ ከኪሳራ ያድነዋል። የዋጋው ጉዳይ ግን በገዥዎች፣ በዩኒየኖችና በግብርና ጽሕፈት ቤቶች እጅ ነው፤ ሊነጋገሩበት የሚገባውም ማሳው ሳይዘራ ነው።