መካኒኩ «ሞተሩ ይውረድ» አለ፣ እሷ «ዕቁቤስ?» አለች

የዛሬው ደብዳቤ ሲከፈት የፍቅር ይመስላል፣ ገባ ሲሉበት ግን የካንዴላ ጉዳይ ሆኖ አገኘሁት።

ጸሐፊዋ የ26 ዓመት ወጣት ናት። እንጀራ ትጋግራለች፣ እጮኛዋ ደግሞ በአሮጌ ቶዮታ ኮሮላ፣ «ዲኤክስ» በምንላት፣ ለሱቆች ያከፋፍላል። ለጥር ሠርጋቸው የጣሉት ዕቁብ በቅርቡ ወጣላቸው። ልክ በዚያው ሰሞን መኪናዋ ጠባይዋን ቀየረች። ቆማ ስትሠራ ትንቀጠቀጣለች፣ ዳገት ላይ ጉልበት ታጣለች፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ይብስባታል። መካኒኩ የእጮኛዋ አብሮ አደግ ነው። ኮፈኑን ከፍቶ ትንሽ አዳመጠና «ሞተሩ አልቆለታል፣ ይውረድ» አለ። እጮኛዋም ዕቁቡን አምጪ አላት። ብሰጠው ሠርጌ፣ ብከለክለው ፍቅሬ ሊቀር ነውና ምን ላድርግ ትላለች።

እህቴ፣ ለጊዜው አትስጪውም፣ አትከልክዪውም። ጓደኛህ ሌባ ነው የሚል ነገርም ከአፍሽ እንዳይወጣ፤ ከዚያ በኋላ ስለ መኪናው ማንም አይሰማሽም። ይልቅ ጋራዥ አብረሽው ሂጂና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂ፦ «የማይሠራው የትኛው ሲሊንደር ነው?» ይህን ሳያውቅ ሞተር የሚያወርድ መካኒክ፣ የት ጋ ነው የሚያምህ ሳይል ቢላዋ የሚያነሳ ሐኪም ማለት ነው።

ዲኤክስ አራት ሲሊንደር አላት። እያንዳንዱ እንዲሠራ ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ የቤንዚንና የአየር ድብልቅ፣ በሰዓቱ የሚመጣ እሳት፣ እና ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ድብልቁን አጥብቆ የሚያምቅ ጉልበት። ሞተር ለማስወረድ የሚያበቃው ሦስተኛው ነው፣ እሱም ቢሆን ሁልጊዜ አይደለም። እናላችሁ ሰው ሁለቱን ርካሾች ዘሎ ውዱ ላይ ይወጣል!

ምርመራው እንዲህ ነው። ሞተሩ ይጥፋ። የአንደኛው ካንዴላ ገመድ ይነቀልና ጫፉ ከሞተሩ ብረት ጋር ይገናኝ፤ ዝም ብሎ ከተንጠለጠለ ኮይሉን ሊጎዳው ይችላል። ከዚያ ሞተሩ ይነሳ። መንቀጥቀጡ ከባሰ ያ ሲሊንደር ደህና ሲሠራ ነበር ማለት ነው። ምንም ለውጥ ከሌለ ግን... ተገኘ! በየተራ አራቱንም ማየት ነው። አደራ፣ ሞተሩ እየሠራ ገመዱን በእጅ መንካት የለም፤ በውስጡ የሚሄደው በብዙ ሺህ የሚቆጠር ቮልት ነው።

ሰነፉ ሲሊንደር ሦስተኛው ሆነ እንበል። የሱን ካንዴላ ከሁለተኛው ጋር ማለዋወጥ። ስንፍናው ወደ ሁለተኛው ከሄደ ጥፋተኛው ካንዴላው ነው፣ በቃ። ካልሄደ ገመዶቹን፣ ርዝመታቸው ከፈቀደ፣ እንደዚያው ማለዋወጥ። «ጠዋት ጠዋት ይብስባታል» ያልሽው ደግሞ እኔን የዲስትሪቢውተሩን ክዳን አስጠርጥሮኛል። ሌሊቱን እርጥበት ይገባዋል፣ ስንጥቅ ካለው እሳቱ ወደ ካንዴላ መሄዱን ትቶ በስንጥቁ ያመልጣል። ማታ ጨለማ ቦታ ኮፈኑን ከፍታችሁ ሞተሩን አስነሱ፤ ገመዶቹ ላይ ሰማያዊ ብልጭታ ከታየ ምስክር አያስፈልግም። ውሃ እየጎደለባት ነጭ ጭስ የምታወጣ ከሆነ ግን የቴስታታው ጋርኒሲዮን ስለሚጠረጠር ቶሎ ይታይ። ገመዶቹ ሰሞኑን ተነቅለው ከነበረም ቅደም ተከተላቸው ይታይ፦ 1-3-4-2 ነው። ሁለቱ ቦታ ከተለዋወጡ ጤነኛ ሞተር እንኳ ይንተፋተፋል።

ካንዴላው ሲወጣ መልኩንም እዩት። ቡናማ ከሆነ ሰላም ነው። ዘይት ከነካው ሞተሩ ዘይት ይበላል። ደረቅ ጥቀርሻ ከለበሰ ቤንዚን በዝቶበታል፣ ይህ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ የተለመደ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል ወደ 2,400 ሜትር ከፍ ብላ አየሯ ስስ ስለሆነ፣ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ይህ ሁሉ ታይቶ መፍትሔ ከጠፋ ኮምፕሬሽን ይለካ። ሞተሩ ሞቆ፣ አራቱም ካንዴላ ወጥቶ፣ የኮይሉ ሽቦ ተነቅሎ፣ ነዳጁ እስከ መጨረሻው ተረግጦ፣ በጠንካራ ባትሪ። አራት ቁጥር ይወጣል፣ በወረቀት አጽፊው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይታለላል፣ አንዳንዴ መካኒኩ ራሱ። የፋብሪካው መጽሐፍ 12 ባር ካለ፣ የእኛ አየር ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ስለሚያንስ፣ አዲስ አበባ ላይ 9 ቢመጣ ሞተሩ ሞቷል ማለት አይደለም! አራቱ ይቀራረባሉ ወይ የሚለው ነው ቁም ነገሩ። 9፣ 9፣ 8.5፣ 9 ከሆነ ሞተሩን አትንኩት። 9፣ 9፣ 4፣ 9 ከሆነ ችግር አለ። ያኔ በደካማው ሲሊንደር አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካት ነው። ቁጥሩ ከፍ ካለ የፒስተን ቀለበት አልቋል፤ ካልተነቃነቀ አብዛኛውን ጊዜ ቫልቭ ነው፣ ለቫልቭ ደግሞ ቴስታታው ቢወርድ ይበቃል።

ለመካኒኩም ልፍረድ። እኛ አገር ለምርመራ የሚከፍል የለም፣ ሁሉም የሚከፍለው ለተፈታ ብሎን ነው። ታዲያ ሰውዬው ባይፈታ ምን ይብላ? ስለዚህ የምርመራውን ሰዓት ክፈሉት፣ በግልጽ ተነጋግራችሁ። አብሮ አደግ ነው ብሎ በነፃ ማሠራት ነው ብዙ ጊዜ ውድ የሚያወጣው።

ቪትዝና መሰሎቿን የምትነዱ ደግሞ ገመድ አትነቃቅሉ። ኮምፒውተሩ ራሱ ይናገራል፤ ፒ0302 ካለ ሁለተኛው ሲሊንደር ነው።

ቁጥሩ ክፉ ሆኖ ከመጣስ? እኔ በበኩሌ ከመኪናዋ ጋር ነኝ። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ አሮጌዋን ሸጦ ሌላ መግዛት የዋዛ አይደለም፣ እንጀራችሁን የምታደርሰውም እሷ ናት። ሠርጉ በጥር ባይሆን ከፋሲካ በኋላ ይሆናላ! ድንኳኑን አሳንሱት። ነገር ግን አራቱን ቁጥሮች መጀመሪያ ላኪልኝ። ስምሽን መጻፍ አያስፈልግም፣ መኪናዋ የተሠራችበትን ዓመት ግን እንዳትረሺ።