ለወንዝና ለከተማ የሚሟገት ጠበቃ ያስፈልገናል

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ከሕጎቻችን መካከል ብዙም ካልተነበቡት አንዱ ነው። ማንኛውም ሰው፣ የግል ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ አካባቢን በሚጎዳ ወይም ሊጎዳ በሚችል ሰው ላይ ለሚመለከተው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል ይላል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ ወይም በሰጠው ውሳኔ አቤት ባዩ ቅር ከተሰኘ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ መኖርን የሁሉም ሰው መብት አድርጎታል፤ በአንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝብ በቀጥታ በሚነኩት የአካባቢ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ እንዲመክርና ሐሳቡን እንዲሰጥ መብት ሰጥቶታል። አዋጁ ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በዚህ በር ገብተው ችሎት ፊት የደረሱ ጉዳዮች ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት የመንግሥት ቁርጠኝነት ማነስ ወይም የሕዝቡ ሕጉን አለማወቅ ነው። ሁለቱም እውነትነት አላቸው። እኔ ግን ከሁለቱም የሚብሰው ጉድለት ሙያው ውስጥ ነው እላለሁ፤ የከተማ ፕላንና የአካባቢ ሕግን እንጀራው አድርጎ፣ ዕድሜውን ሙሉ በእሱ ላይ ተክኖ የሚከራከር ጠበቃ በበቂ አላፈራንም።

እንግሊዝን ለንጽጽር የማነሣው ሕጓ ከእኛ ስለሚበልጥ አይደለም። በዚህ ነጥብ ላይ እንዲያውም የእኛው ሰፊ ነው። እንግሊዝ ውስጥ የአስተዳደር ውሳኔን በፍርድ ቤት ለማስመርመር የሚመጣ ሰው በጉዳዩ ላይ በቂ ጥቅም እንዳለው ማሳየት አለበት፤ የፕላን ፈቃድን ለመቃወም ያለው ጊዜም ስድስት ሳምንት ብቻ ነው። ልዩነቱ ያለው ሙያው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 የወጣው የከተማና የገጠር ፕላን ሕግ ግንባታ ሁሉ አስቀድሞ ፈቃድ እንዲያገኝ አስገደደ። ፈቃድ የተከለከለ አልሚ ይግባኝ ይላል፤ ከበድ ያለው ይግባኝ ደግሞ በመንግሥት በተመደበ ኢንስፔክተር ፊት፣ ሕዝብ በተገኘበት ይሰማል። እዚያ የሚቆሙት ባሪስተሮች ናቸው፤ ከደንበኛው ጋር የቅድሚያውን ሥራ ከሚሠራው ሶሊሲተር ጉዳዩን ተረክበው ችሎት ላይ የሚከራከሩ ጠበቆች ማለት ነው። ትምህርቱን የጨረሰ ወጣት ቻምበር በሚባል፣ ጠበቆች ወጪ እየተጋሩ ግን እያንዳንዳቸው ለየራሳቸው በሚሠሩበት ማኅበር ውስጥ፣ ለአንድ ዓመት ያህል ከአንድ ነባር ጠበቃ ሥር ሆኖ ይለማመዳል። አንዳንዶቹ ቻምበሮች ዋና ሥራቸው የፕላንና የአካባቢ ጉዳይ ነው። እውቀቱ ከሽማግሌው ወደ ወጣቱ ሲወራረስ ከ70 ዓመት በላይ ሆነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮም በከፍተኛው ፍርድ ቤት ውስጥ ራሱን የቻለ የፕላን ችሎት ተቋቁሟል።

የዚህ ጠበቃ ዋና መሣሪያ መስቀለኛ ጥያቄ ነው። የአልሚውም የተቃዋሚውም የባለሙያ ምስክሮች ቃላቸውን በጽሑፍ አዘጋጅተው ችሎቱ ከመከፈቱ ሳምንታት ቀደም ብለው ይለዋወጣሉ፤ ጠበቃው ያንን ሁሉ ሠንጠረዥና ካርታ አንብቦ ስንጥቁን መፈለግ አለበት። በአንድ መንደር ዳር 300 ቤት ሊሠራ ነው እንበል። የትራፊክ መሐንዲሱ መንገዱ ተጨማሪውን መኪና ይችላል ብሎ ጽፏል። ጠበቃው የሚጠይቀው የመጀመሪያ ነገር ስለ ሕግ አይደለም፤ መኪናው የተቆጠረው በየትኛው ሳምንት ነው ብሎ ይጠይቃል፤ ትምህርት ቤት ተዘግቶ የነበረበት ሳምንት ከሆነ የሪፖርቱ ወገብ ተቆረጠ ማለት ነው። የሌሊት ወፍ በአካባቢው የለም ያለውን የሥነ ፍጥረት ባለሙያ ደግሞ ጥናቱ የተካሄደበትን ወር ይጠይቀዋል፤ በብርዱ ወራት ከነበረ እንስሳቱ ተሸሽገው የሚተኙበት ጊዜ ነውና አለመታየታቸው ምንም አያስረዳም። ይህን ጥያቄ ወደ እኛ አገር ላምጣው። አንድ ፋብሪካ ፍሳሹን የሚለቅበት ወንዝ ውኃ ተመርምሮ ብክለቱ ከተፈቀደው ደረጃ በታች ነው የሚል ሪፖርት ሲቀርብ፣ ናሙናው የተቀዳው ወንዙ ሞልቶ ሁሉን ነገር በሚያቀጥንበት በነሐሴ ነው ወይስ ውኃው በሚመነምንበት በየካቲት? ከፋብሪካው ቱቦ በላይ ነው ወይስ በታች? ይህን የሚጠይቅ ሰው ችሎት ውስጥ ከሌለ፣ የቱንም ያህል ወፍራም ቢሆን የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ሰነድ ማለት ማኅተም የሚጠብቅ ወረቀት ነው።

በሙያው የተካነ ጠበቃ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ሳራ ፊንች የተባሉ ነዋሪ በደቡብ እንግሊዝ ያስነሡት ክርክር ያሳያል። የሰሪ ካውንቲ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ሆርስ ሂል በሚባል ቦታ ለበርካታ ዓመታት ነዳጅ ዘይት እንዲወጣ ፈቀደ። የተፅዕኖ ግምገማው የቆጠረው በጉድጓዱ አጠገብ የሚወጣውን ጭስ ብቻ ነበር፤ ዘይቱ ተጣርቶ በየመኪናው ሲቃጠል የሚወጣውን አልቆጠረም። የወይዘሮዋ ጠበቆች ጉዳዩን ወደ አንድ ጥያቄ አጠበቡት፦ ዘይቱ ከወጣ መቃጠሉ የማይቀር ከሆነ፣ ቃጠሎው የፕሮጀክቱ ተፅዕኖ ነው ወይስ አይደለም? በከፍተኛው ፍርድ ቤት ተሸነፉ። በይግባኝ ሰሚው ችሎትም በአንድ ዳኛ ድምፅ ብልጫ ተሸነፉ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሦስት ለሁለት በሆነ ድምፅ ፈረደላቸው። በሦስት ወር ውስጥ ኋይትሄቨን አጠገብ ሊከፈት የነበረው አዲስ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ፈቃድ በዚሁ ፍርድ መነሻነት ተሻረ። የሻሩት ዳኛ ዴቪድ ሆልጌት ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 በፊንች ላይ የፈረዱትም እኒሁ ዳኛ ነበሩ፤ ከመሾማቸው በፊት ደግሞ ራሳቸው በፕላን ሕግ የታወቁ ጠበቃ ነበሩ። የበላይ ፍርድ ቤት ሕጉን ሲያጠራ የታች ዳኛ ወዲያው በሥራ ላይ ሊያውለው የሚችለው ቋንቋውን ሲያውቀው ነው። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ያንኑ ጥያቄ በእኛም ሕግ መጠየቅ ስለሚቻል ነው። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ተፅዕኖ የሚለውን ሲተረጉም የሰውን ጤና፣ አፈርን፣ አየርንና ውኃን ብቻ ሳይሆን የአየር ንብረትንም በስም ይጠቅሳል።

እኛም ጋ ሙከራ አልጠፋም። አክሽን ፕሮፌሽናልስ አሶሴሽን ፎር ዘ ፒፕል የተባለው ድርጅት በ1990ዎቹ መጨረሻ በአቃቂና በሞጆ ወንዞች ብክለት የተነሣ የፌዴራሉን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ከስሶ ነበር። ክሱን የጻፉት ሰዎች ድፍረታቸው ሊመሰገን ይገባል። ክርክሩ ግን ወንዞቹ ምን ያህል እንደተበከሉ ወደ መስማት ሳይደርስ፣ መሥሪያ ቤቱ ሊከሰስ አይገባም በሚል ምክንያት መዝገቡ ተዘጋ። መሸነፉ አያስደንቀኝም፤ ፊንችም ሁለት ጊዜ ተሸንፈዋል። የሚያሳዝነኝ ከሽንፈቱ በኋላ የሆነው ነው። ሙያው ባለበት አገር እንዲህ ያለው ውሳኔ ለሚቀጥለው ክስ ጥሬ ዕቃ ይሆናል፤ መሥሪያ ቤቱ ካልተከሰሰ በካዩ በስም ይከሰሳል፤ አቤቱታው በ30ው ቀን መልስ እንዳላገኘ የሚያስረዳ ማስረጃ አስቀድሞ ይዘጋጃል፤ ክርክሩ እስከ ሰበር ደርሶ በሥር ፍርድ ቤቶች ላይ አስገዳጅ የሆነ ትርጉም ያሰጣል። አንድ መዝገብ ብቻውን ከቆመ ግን የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች የሚያስታውሱት አትከሰሱም መባላቸውን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ ልምጣ። በሥነ ምግባር በኩል የሚነሣው ከባዱ ነው። የእንግሊዝ ባሪስተር በሙያ መስኩ የመጣለትን ጉዳይ ደንበኛውን ስላልወደደው ብቻ መመለስ አይፈቀድለትም፤ ዛሬ ለመንደሩ ነዋሪ የቆመው ነገ ለማዕድን ኩባንያው ይቆማል። እንዲህ ያለው ሰው ለወንዙ ሊታመን ይችላል? እዚያም አገር ጥያቄው ተነሥቷል፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 ከመቶ በላይ የሕግ ባለሙያዎች ለአዲስ የነዳጅ ፕሮጀክቶች እንደማይሠሩ በይፋ ፈርመዋል። የእነዚህን ሰዎች ሕሊና አከብራለሁ፤ ለእኛ አገር ግን የመጣን ጉዳይ ያለመመለሱ ልማድ የተሻለ ነው ባይ ነኝ። በእኛ ሁኔታ ለአካባቢ የሚቆም ጠበቃ በቀላሉ የልማት ተቃዋሚ፣ ሲብስም የአንድ ወገን ፖለቲካ አራማጅ የሚል ስም ይለጠፍበታል። ትናንት ለባለሀብቱ ተከራክሮ የረታ ጠበቃ ዛሬ ለገበሬው ሲቆም ግን እንዲህ ያለ ስም አይጣበቅበትም፤ ዳኛውም የሚሰማው እንደ ባለሙያ ነው። የባለሀብቱን ሰነድ ከውስጥ ያዘጋጀ ሰው ጉድለቱ የት የት ላይ እንደሚደበቅ ያውቃል። ከዚህም ሌላ፣ ገበሬ የጠበቃ ዕድሜ ልክ ደመወዝ ሊከፍል አይችልም፤ ሙያው የሚኖረው ከከፋዩም ወገን ሥራ ሲያገኝ ነው። ባለሀብቱም ቢሆን ይጠቀማል፤ ፈቃዱን ከመጀመሪያው በሕግ አግባብ ያገኘ ፋብሪካ በሕዝብ ቁጣ ወይም በባለሥልጣን መለዋወጥ ድንገት አይዘጋበትም።

ክርክር ልማትን ያጓትታል የሚሉም አሉ፤ ማስረጃም አያጡም። የለንደኑ ሄትሮው አውሮፕላን ማረፊያ አምስተኛ ተርሚናል ጉዳይ እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 1999 ድረስ ከ500 ቀን በላይ ተሰምቷል፤ ተርሚናሉ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ያን ያህል ርዝመት ማንም ሊመኘው አይገባም፤ እንግሊዞችም ከዚያ ወዲህ አካሄዱን ደጋግመው አሳጥረዋል፤ ዛሬም ለማሳጠር እየታገሉ ነው። ነገር ግን ከዚያ ረጅም ክርክር የተገኘውንም መመዘን ያስፈልጋል። ተርሚናሉ ሲፈቀድ የአውሮፕላን ማረፊያው በረራ በዓመት ከ480,000 እንዳይበልጥ ገደብ ተጣለ፤ ገደቡ እስካሁን ጸንቶ የጎረቤቱን ሕዝብ ከተጨማሪ ጫጫታ ይጠብቃል። የእኛ ሕግ ደግሞ ጊዜውን ቀድሞውኑ በ30 እና በ60 ቀን ለክቶታል። ልማትን በእውነት የሚያጓትተው ክርክሩ ፍርድ ቤት መሄጃ ሲያጣ ነው፤ አዲስ አበባን ከዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች ጋር ያያይዝ የነበረው ማስተር ፕላን ቅሬታው አደባባይ ወጥቶ ስንት ሕይወት ከጠፋ በኋላ በ2008 ዓ.ም. ተሰረዘ። አንድ ጠበቃ ያን ሁሉ ያስቀር ነበር አልልም፤ ግን ፕላኑን በማስረጃ የሚፈትን፣ ገበሬውም በጠበቃው በኩል የሚናገርበት ችሎት አልነበረም።

ይህ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው ለሚለው ጎረቤታችን ኬንያ መልስ ትሰጣለች። በላሙ ሊተከል የነበረው 1,050 ሜጋ ዋት የድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫ የአካባቢ ፈቃድ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2019 በብሔራዊው የአካባቢ ጉዳዮች ዳኝነት አካል ተሰርዟል፤ ዋናው ምክንያት ሕዝቡ በአግባቡ አለመመከሩ ነበር። ኬንያ የአካባቢና የመሬት ጉዳዮችን የሚያይ ራሱን የቻለ ፍርድ ቤትም አላት። ድሃ ከሆነው ሰው ይልቅ ንጹሕ ወንዝ የሚያስፈልገው ማን ነው? የአቃቂ ውኃ ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም ወደ አዋሽ የሚወርድ ነው፤ በዳርቻው ጎመንና ሰላጣ ይለማበታል፤ የሚበላው ደግሞ ከተሜው ነው። ሀብታሙ የታሸገ ውኃ ይገዛል።

ሙያው ከየት ይጀምር? መሠረቱ አለ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የጥብቅና አዋጅ ለኅብረተሰቡ መብትና ጥቅም በነፃ ለሚከራከሩ ልዩ ፈቃድ የሚሰጥበትን መንገድ ከፍቶ ነበር። እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ደግሞ ጠበቆች በድርጅት ተሰባስበው እንዲሠሩ ፈቅዷል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ብቻውን የሚሠራ ጠበቃ ውርሱንም ፍቺውንም ካልያዘ ስለማይኖር በአንድ ዘርፍ ላይ ሊካን አይችልም፤ አሥር ሆነው ቢሠሩ ግን አንዱ የአካባቢና የፕላን ጉዳይ ሊይዝ ይችላል። የሕግ ትምህርት ቤቶች የአካባቢ ሕግን እንደ አንድ የንባብ ኮርስ ከመስጠት አልፈው፣ ተማሪውን ከውኃ መሐንዲሱና ከኬሚስቱ ጋር አስቀምጠው እውነተኛ የግምገማ ሰነድ ያስመርምሩት። ከሁሉ በፊት ግን አዋጅ 299 በአንቀጽ 15 ያዘዘው ይፈጸም፤ የተፅዕኖ ጥናት ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት ይሰብሰብበት ይላል። ዛሬ አንድ ነዋሪ በሰፈሩ ሊተከል ያለ ፋብሪካን ጥናት ለማየት ደብዳቤ ይዞ ከቢሮ ቢሮ መንከራተት አይገባውም። መሥሪያ ቤቶቹ እያንዳንዱን ሪፖርት ፈቃድ ከመስጠታቸው በፊት በድረ ገጻቸው ላይ፣ በወረዳውም ጽሕፈት ቤት ቅጂውን ያኑሩ፤ የአስተያየት መስጫው ቀንም በሪፖርቱ ሽፋን ላይ ይጻፍ። ለዚህ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፤ አንድ የሥራ ኃላፊ በደብዳቤ ሊያዝዘው የሚችል ነገር ነው።