ዴቭ፦ ወንበሩን በፈቃዱ የለቀቀው አስመሳይ

«ዴቭ» የተባለውን ፊልም ያላየ ካለ ፈልጎ ይየው። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣ፣ አይቫን ራይትማን ያዘጋጀውና ኬቨን ክላይን የተወነበት የአሜሪካ ኮሜዲ ነው። ዴቭ ኮቪክ ለሰዎች ጊዜያዊ ሥራ የሚያፈላልግ ተራ ሰው ነው፤ መልኩ ግን ቁርጥ ፕሬዚዳንቱን ነው። ለአንድ ምሽት ብቻ እንዲተካው ተጠራ። በዚያው ምሽት ፕሬዚዳንቱ በስትሮክ ራሱን ሳተ። የቅርብ ሹማምንቱም ሥልጣኑ ለምክትሉ እንዳይተላለፍ ብለው ዴቭን እዚያው አስቀመጡት።

ብዙ ሰው ፊልሙን የሚወደው «ደግ ሰው ወንበሩ ላይ ቢወጣ ሁሉም ይስተካከላል» ያለ ስለሚመስለው ነው። እኔ እንደዚያ አላየሁትም።

እስቲ የበጀቱን ትዕይንት አስታውሱ። ለቤት አልባዎች መጠለያ ገንዘብ የለም ተባለ፤ የሚያስፈልገው 650 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ዴቭ የሂሳብ ባለሙያ ጓደኛውን ጠርቶ መዝገቡን ሲያገላብጡ አደሩ። ከዚያ በካሜራ ፊት ሚኒስትሮቹን አንድ በአንድ ጠየቃቸው። ሰው በገዛው መኪና ደስ እንዲለው ለሚሠራ ማስታወቂያ ሳይቀር ገንዘብ ተመድቦ ተገኘ! መጠለያውን ያዳነው የዴቭ ደግነት ብቻ አይደለም። «ገንዘቡ የት ገባ?» የሚለው ጥያቄ በአደባባይ መነሳቱ ነው።

እኛ ዘንድ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይባላል። የፊልሙ ቀልድም መራራ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ ተራው ሰው ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ የንጉሡን ፊት መዋስ ነበረበት። በራሱ ፊት ቢጠይቅ ማን በሩን ይከፍትለት ነበር?

ለእኔ ትልቁ ነገር ግን መጨረሻው ነው። ዴቭ ሕዝብ ወዶታል፣ ሥራውም ሰምሮለታል። ቢሆንም ማንም አልመረጠውም። ስለዚህ የፕሬዚዳንቱን ጥፋት በአደባባይ አምኖ፣ የታመመ መስሎ ወደቀ፤ ሥልጣኑም በሕጉ መሠረት ለምክትሉ ተላለፈ። ከዚያ ወደ ሰፈሩ ተመልሶ፣ በራሱ ስምና በራሱ ፊት ለከተማ ምክር ቤት ተወዳደረ።

ጥሩ መሪ ከሰማይ እንዲወርድልን ለምንጠብቅ ወጣቶች ቁም ነገሩ ይኸው ነው። ደግነት ወንበር ላይ ለመቆየት ፈቃድ አይሆንም። መጠየቅ ደግሞ ፕሬዚዳንት መምሰልን አይፈልግም፤ መዝገቡ ክፍት፣ ጠያቂውም በራሱ ስም የማይፈራ ከሆነ ይበቃል።

እናንተስ ምን ትላላችሁ?