ቬስፓው ከመፈታቱ በፊት



በዚህ እትም የምንመለከተው ጥያቄ የደረሰን በአራዳ ክፍለ ከተማ ከምትኖር አንዲት እኅት ነው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ የባለቤቷ ወላጆች ቤትም አብሮ ፈረሰ። አማቷ ዕቃቸውን ይዘው ወደ ኮንዶሚኒየም ሲገቡ፣ ከጓሮ የወጣው የሟች ባለቤታቸው ቬስፓ ግን በጭነት መኪና ወደ ልጃቸው ግቢ መጣ። ባለቤቷ፣ “አባቴ የተወልኝ ይህን ብቻ ነው፤ ራሴ አድሼ አስነሳዋለሁ” ብሎ ቆርጧል። እርሷ ደግሞ እንዲህ ትላለች፦ “ለልጃችን ትምህርት ቤት ያስቀመጥነው ገንዘብ ብረት ሊገዛበት ነው። ቅዳሜያችንም ሄደ። ብናገር የአባቱን መታሰቢያ እንደጠላሁ ይቆጥርብኛል። ምን ላድርግ?”

እኅታችን፣ ይህን ገጽ ከባለቤትሽ ጋር አብራችሁ እንድታነቡት እንለምናችኋለን።

በመጀመሪያ ነገሩን “አሮጌ ብረት” ብለን አናቃልለው። ቬስፓን እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ የሠራው ፒያጆ የተባለው የጣሊያን ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው ቀድሞ የጦር አውሮፕላን ይሠራ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ ከተመታ በኋላ፣ ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የተባለ የአውሮፕላን መሐንዲስ ተራው ሰው የሚገዛውን ቀላል መጓጓዣ ነደፈለት። ነቢዩ ኢሳይያስ ሰይፍ ማረሻ ስለሚሆንበት ቀን የተናገረውን ያስታውሰናል። ለፒያሳ ልጆች ደግሞ ሌላም ትርጉም አለው። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ቢሄድም ቃላቱ በጋራዦቻችን ቀርተዋል፦ ካንዴላ፣ ፍሬን፣ ኩሽኔታ፣ ጎሚስታ። ፒያሳ የሚለው ስም ራሱ የዚያ ዘመን ቅሪት ነው። አባት ልጁን “ካቻቢቴውን አቀብለኝ” ሲለው፣ አያት ይናገሩት የነበረውን ቃል ያወርሰዋል።

እኅታችን ሆይ፣ ኀዘን ሁልጊዜ በዕንባ አይወጣም፤ አንዳንዴ በእጅ ሥራ ይወጣል። ባለቤትሽ በአንድ ዓመት የአባቱን ቤትም ያደገበትን ሰፈርም አጥቷል። ይህን አስቢለት።

ወንድማችን ሆይ፣ አንተም አስተውል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ጌታችን ግንብ ሊሠራ የተነሣ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚያሰላ ተናግሯል። ምሳሌው ስለ ደቀ መዝሙርነት ቢሆንም፣ ጀምሮ ያልጨረሰ ሰው ምን እንደሚመስል ሁላችን እናውቃለን። እንግዲህ አንድ ብሎን ከመፍታትህ በፊት ከባለቤትህ ጋር ተቀምጣችሁ ሦስት ነገሮችን ቁጠሩ።

አንደኛው ወረቀቱ ነው። ሊብሬው አለ? የሞተሩና የሻንሲው ቁጥር ከሊብሬው ጋር ይገጥማል? በአባት ስም የተመዘገበ ከሆነ የወራሽነት ማስረጃ ያስፈልጋል። በ2011 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በሞተር ብስክሌቶች እንቅስቃሴ ላይ ገደብ መጣሉንም አትርሳ። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ለአንተ ምን እንደሚፈቀድልህ ከትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ጠይቅ። መንገድ የማይወጣ ከሆነ ለምን እንደምታድሰው አስቀድመህ ብታውቀው ይሻላል።

ሁለተኛው ገንዘቡ ነው። ለብዙ ዓመታት የቆመን ሞተር በጉልበት ለማስነሳት አትሞክር። ካንዴላውን ፈትተህ በቀዳዳው ጥቂት ዘይት ጨምርና ለተወሰኑ ቀናት ተወው፤ ከዚያ በእጅ ቀስ አድርገህ ሞክረው። ከዞረ ተስፋ አለ። ካልዞረ ሥራው ወደ ቶርኖ ቤት ይሄዳል፣ ወጪውም በዚያው መጠን ይጨምራል። ወደ መርካቶ ወርደህ በሶማሌ ተራና በምናለሽ ተራ የዕቃውን ዋጋ ጠይቀህ ጻፍ እንጂ በዚያው ቀን አትግዛ። ምንጩ የማይታወቅ ዕቃ በርካሽ ቢቀርብልህ፣ የሌላ ሰው ዕንባ ሊኖርበት ስለሚችል እለፈው። ከዚያ በኋላ በወር ከዚህ አናልፍም የምትሉትን መጠን ሁለታችሁ ወስኑ፤ መዝገቡን ባለቤትህ ትያዘው። የልጁ የትምህርት ቤት ገንዘብ ግን አይነካም።

ሦስተኛው ጊዜው ነው። እንዲህ ያለ ሥራ በወራት አያልቅም፤ ዓመትና ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል። ቅዳሜ እስከ ምሳ ሰዓት ብቻ ብላችሁ ብትስማሙ፣ የቀረው የቤተሰብ ነው። እሑድ የጌታ ቀን ነው።

የግቢውን ደኅንነትም አደራ። በጋኑ ውስጥ የቆየውን ቤንዚን ከከሰል ምድጃ ርቃችሁ ቅዱት፤ መኝታ ክፍል አጠገብም አታስቀምጡ። ሞተሩን በተዘጋ ቤት አታስነሱ፤ ጭሱ እንደ ከሰል ጭስ ሳይታወቅ ይገድላል። የድሮ ቀለም እርሳስ፣ የድሮ ፍሬን ሸራ ደግሞ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ቀለሙን በውኃ እያረጠባችሁ ፈግፍጉ፣ የፍሬኑን አቧራ በአፍ አትንፉ፣ ሕፃናትንም አርቁ።

ልጃችሁን ግን ከሥራው አታርቁት። እያንዳንዱ ዕቃ ከመፈታቱ በፊት በስልክ ፎቶ ያንሣ። ብሎንና ዳዶውን በዱቄት ወተት ጣሳ እየለየ ስሙን ይጻፍበት። ሥራው በሰላም ቢጀመር፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ “ዛሬ ምን ተማርክ?” ተብሎ ሲጠየቅ የማይናገረውን፣ ጎንበስ ብሎ ኩሽኔታ ሲያጥብ ይናገራል።

አንድ ነገር ደግሞ በፍቅር እናሳስብህ። አባትና እናትህን አክብር የሚለው ትእዛዝ ለሁለቱም ነው። አባትህ ዐርፈዋል። እናትህ ግን ከለመዱት ጎረቤትና ከቡና ማኅበራቸው ተለይተው አዲስ ሰፈር ተቀምጠዋል። ለቬስፓው የምትሰጠው ቅዳሜ ለእናትህ ከምትሰጠው ሰዓት ከበለጠ ሚዛኑ ተዛብቷል። አምጣቸውና ቡና ይፈላ፤ ከሥራህ አጠገብ ወንበር አውጣላቸው። ያ ቬስፓ የት የት እንዳደረሳቸው ከእርሳቸው የበለጠ የሚያውቅ የለም። ልጅህም አያቱን የሚያውቀው በዚህ ወሬ ነው እንጂ በሚያብረቀርቅ ቀለም ብቻ አይደለም።

ወጪውን ቆጥራችሁ አቅማችሁ ካልፈቀደስ? መተው ነውር አይደለም። አጽዱት፣ ዝገት እንዳይበላው ዘይት ቀቡት፣ ሸፍናችሁ አስቀምጡት። ተበታትኖ በጆንያ ከሚቀር ቬስፓ፣ ሳይፈታ ጊዜውን የሚጠብቅ ይሻላል።

በዚህ ሳምንት ልጆቹ ከተኙ በኋላ አንድ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ተቀመጡ። አስቀድማችሁ ጸልዩ፤ ከዚያም ሦስቱን ነገሮች ቁጠሩ። እኅታችን፣ ስለ አባቱ ጠይቂው። ወንድማችን፣ ስለ ፍርሃቷ ጠይቃት።

የሰላም አምላክ ከቤታችሁ ጋር ይሁን። አሜን።